ተማሪ ይዞ ሥዕል ሙዚየም መግባት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስድስት ኪሎ አካባቢ ስለሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ማለትም ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ እንዲሁም እንዲህ ባለ ቦታ ልጆችን ስለማስተማር የሚጠይቁ ናቸው። አምስቱን እንመልሳለን።

52 የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ። ከዚህ በፊት ሙዚየም ስንሄድ ሁሉንም በ15 ደቂቃ ሮጠው ጨርሰው ውጪ ጠበቁን። አሁን ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? (መምህርት፣ ከኮተቤ)

52ቱ አንድ ላይ አይግቡ። በአንድ ሥዕል ፊት ቆመው ሁሉም ሊያዩና ሊደማመጡ የሚችሉት ቢበዛ 15 ልጆች ናቸው። ከዚያ ካለፈ የኋለኞቹ የሚያዩት የጓደኛቸውን ጀርባ ነው፤ ሩጫውም የሚጀምረው ከእነሱ ነው። 13፣ 13 አድርገው በ4 ቡድን ይክፈሏቸው። ሁለቱ ቡድኖች ውስጥ ሲያዩ ሁለቱ ውጪ ንድፍ ይንደፉ፤ በ40 ደቂቃ ይቀያየሩ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። መምህር ካነሰ ከወላጆች ይጠይቁ።

በር ላይ ደርሶ መመለስ እንዳይመጣ፣ ቀኑን፣ የተማሪዎቹን ቁጥርና የክፍል ደረጃውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ያስገቡ፤ ደውለውም ያረጋግጡ። ስትደውሉ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት በዚያ ሳምንት ኤግዚቢሽን መኖር አለመኖሩን ነው። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪሰቀል አዳራሽ ሊዘጋ ይችላል።

ከዚያ ብቻዎን ቀድመው ይሂዱና 4 ሥራዎች ይምረጡ። አራት ብቻ። የቀረውን አልፎ መሄድ ይቆጫል፤ ነገር ግን አራት ሥራ በደንብ ያየ ልጅ ሌላውን ለማየት ራሱ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ 8 እስከ 10 ደቂቃ ይስጡ። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ማንም አይናገር፤ ይዩ ብቻ። ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ «እዚህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?»፣ «ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?»፣ «ሌላስ ምን ይታያችኋል?»። አሜሪካ ውስጥ አቢጌል ሃውሰንና ፊሊፕ የናዋይን ያዳበሩት ዘዴ ነው፤ በብዙ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየሞችም ይሠራበታል። ጉልበቱ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። «ሰውዬው አዝኗል» ያለች ልጅ ማስረጃዋን ከሥዕሉ ልታመጣ ትገደዳለች፦ ከጎበጠው ትከሻ፣ ከጠቆረው ቀለም።

ውይይቱን በብዛት የሚያበላሸው «ጎበዝ! ልክ ነህ» የሚለው ቃል ነው። መልሱ የተገኘ ስለሚመስላቸው ሌሎቹ ወዲያው ዝም ይላሉ። በምትኩ ልጁ ያለውን በራስዎ አነጋገር ይድገሙለት፤ የጠቀሰውንም ቦታ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው በእጅዎ ያመልክቱ። የሠዓሊውን ስምና ዓመቱን የሚናገሩት ልጆቹ ተናግረው ሲጨርሱ ነው። ቀድመው ከተናገሩ ማስታወሻ መጻፍ ይጀምሩና ዓይናቸው ከሥዕሉ ይነሳል።

እስክሪብቶ ከቦርሳ አይውጣ፤ እርሳስ ብቻ ይያዙ። ሸራ ላይ ያረፈ የእስክሪብቶ ቀለም ሲጸዳ የሠዓሊውን ቀለም ይዞ ሊነሳ ይችላል። የጀርባ ቦርሳ በር ላይ ይቀመጥ፤ አለዚያም ወደ ደረት ዞሮ ይታንገት። ልጅ ድንገት ሲዞር ግድግዳውን የሚመታው ቦርሳው ነው።

የገብረ ክርስቶስ አንዳንድ ሥዕሎች ሰውም ቤትም የለባቸውም። ያልገባኝ ምሥጢር አለ? (ከአዲሱ ገበያ)

የተደበቀ ነገር የለም። ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል አጥንቶ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑን አሳየ። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም አስተማረ። የችግረኛውን ሰው ኑሮም ሥሏል፤ ቀለምና ቅርፅ ብቻቸውን የሚናገሩባቸውንም ሥራዎች ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ማዕከሉም እ.ኤ.አ. በ2008 በስሙ ተከፈተ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። በመጀመሪያ 4 ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙና ዓይንዎ ቀድሞ የት እንዳረፈ፣ ከዚያ ወዴት እንደሄደ ልብ ይበሉ። ቀጥሎ እስከ አንድ ሜትር ይጠጉ። የትኛው ቀለም ከሥር ነው? የትኛው ከላይ መጣ? ወፍራሙ የት ነው፣ ሸራው ብቅ የሚለውስ? ቀለም የተቀባበትን ቅደም ተከተል መከተል የሠዓሊውን ውሳኔዎች አንድ በአንድ መከተል ነው። ገጣሚም ነበርና አንድ ግጥሙን ይዘው ሄደው ሥዕሉ ፊት ቢያነቡት እንመክራለን፤ ስሜትን በምስል የሚያስኬድበት መንገድ በሁለቱም ይታያል።

ሙዚየም ለምን ይጨልማል? ፎቶስ ለምን ይከለከላል? (ከባሕር ዳር)

ብርሃን ቀለምን ያደበዝዛል፤ የደበዘዘው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ገደማ የተለመደ ልክ ነው። ከፀሐይ ለሚገባ ሰው 50 ሉክስ ጨለማ ይመስለዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ዓይኑ ይለምደዋል። ፍላሽን በተመለከተ፣ በሥዕል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንደሚፈራው አይደለም። ክልከላው በብዛት የሚመጣው ከሠዓሊው መብትና ከሌላው ጎብኚ ጸጥታ ነው። መንካት ግን በእርግጥ ይጎዳል፦ የጣት ላብና ቅባት በቀለሙ ላይ ቀርቶ አቧራ ይይዛል።

ልጆቼ አሜሪካ ነው ያደጉት። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥዕል የት ላሳያቸው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ለረጅም ዓመታት ያስተማረው እዚያው ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍም የተማረው እዚያ ነው። የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2003 በስደት ላይ ላሉ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር። የሙዚየሙ መግቢያ በነፃ ነው። ከመሄድዎ በፊት የትኞቹ ሥራዎች በዕይታ ላይ እንዳሉ ይጠይቁ፤ የማንኛውም ሙዚየም ስብስብ አብዛኛው መጋዘን ውስጥ ነውና።

በወጣት ማዕከላችን ከጉብኝት በኋላ 12 ልጆችን ሕትመት ልናሠራ ፈልገናል። ማተሚያ ማሽን የለንም። (ከአዳማ)

ማሽን አያስፈልግም፤ የካርቶን ሕትመት በእጅ ይሠራል፦ ካርቶን ላይ ቅርፅ ተለጥፎ ሰሌዳ ይሆናል፣ ሰሌዳው ቀለም ይቀባል፣ ምስሉም ወረቀት ላይ ይታተማል። ግን በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ ሰሌዳው ማደር አለበት።

በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ልጅ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጫማ ካርቶን ይቁረጡ። ውስጡ ሞገድ ያለው የዕቃ ካርቶን አይሆንም፤ ሲታሽ ይጨፈለቃል፣ መስመሩም ይታተማል። ልጆቹ ቅርፆችን ቆርጠው፣ ክርና ጨርቅ ጨምረው በነጭ የእንጨት ኮላ ይለጥፉ። የተለጠፈው ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። በመጨረሻ ኮላና ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው ሰሌዳውን በሁለቱም ወገን ይቀቡት። አንዱን ወገን ብቻ ከቀቡት ይጣመማል፤ ጨርሶ ካልቀቡት ካርቶኑ ቀለሙን ይጠጣዋል። ጽሑፍ ያለበት ልጅ ፊደሉን ስስ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ መስኮት ላይ ገልብጦ ይቅዳው፤ ሕትመት ሁሉንም ገልብጦ ነው የሚያወጣው።

በሁለተኛው ቀን ከማተሚያ ቤት የሚገኝ ጥቁር የኦፍሴት ቀለም፣ 2 የጎማ ሮለር፣ 2 ሴራሚክና 50 ሉክ ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት ይበቃል፦ ለእያንዳንዱ 3፣ የቀረው መጠባበቂያ። የስፖንጅ ሮለር አረፋ ስለሚተው አይግዙ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀለም ሴራሚኩ ላይ ያንከባልሉ። ሮለሩ «ጭጭጭ» የሚል ስስ ድምፅ ሲያሰማ መጠኑ ልክ ነው፤ «ጧጧ» ካለ በዝቷል፣ ቀጫጭኑን መስመር ይደፍነዋል። ሰሌዳውን ቀብተው ወረቀቱን ያሳርፉ፤ በአንድ እጅ አጥብቀው ይዘው በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ለ3 ደቂቃ ይሹት። ከማንሳትዎ በፊት አንዱን ጥግ ገልጠው ይዩ፤ የሳሳ ካለ መልሰው ይሹ። ወረቀቱ ከተንሸራተተ ምስሉ ድርብ ይሆናል፤ ስለዚህ ትንንሾቹን ልጆች ሁለት ሁለት አድርገው ያሠሯቸው፣ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይሽ።

ሕትመቱ እስኪደርቅ 3 ቀን ያህል ገመድ ላይ ይሰቀል። ዕቃው በምግብ ዘይት ከዚያም በሳሙና ይታጠባል፤ ልጆች ባሉበት ክፍል ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ አይጠቀሙ። ዘይትና ቀለም የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተከመረ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ውጪ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጥ።