ጎድን ለምን ይጠነክራል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከፋሲካ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ጎድን ነው። ከአጥንቱ ልቅቅ የሚል የባርቤኪው ጎድን ቤቱ መሥራት የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ደስ ብሎኛል። አምስቱን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የበሬ ጎድን ገዝቼ 220 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ጠበስኩት። ላዩ አምሮ ወጣ፤ ሲነከስ ግን ጠፍር ነው። ሥጋው አርጅቶ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሥጋው ጥፋት የለበትም። ጎድን እንስሳው በተነፈሰ ቁጥር ሲሠራ የኖረ ሥጋ ነው፤ ጅማቱ ብዙ ነው። ጅማቱን ያጠነከረው ኮላጅን የሚባለው ነገር ነው። ኮላጅን ወደ ለስላሳ ጄላቲን የሚቀልጠው በዝግታ ነው። የሥጋው ውስጥ ከ70 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለሰዓታት መቆየት አለበት። በኃይለኛ እሳት ግን ጅማቱ ሳይቀልጥ የሥጋው ውኃ ተጨምቆ ያልቃል። አንቺ ጋ የሆነው ይኸው ነው።

መጀመሪያ በአጥንቱ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን አንሺው። በቢላ ጫፍ ጥጉን ፈንቀል አድርጊና በደረቅ ጨርቅ ይዘሽ ሳቢ፤ በባዶ እጅ ያሟልጫል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት አሽተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። በማግስቱ ፎይል ሁለት ጊዜ ጠቅልለሽ 150 ዲግሪ ላይ አስገቢው። የበግ ጎድን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የበሬ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፎይሉ ውስጥ ያለው እንፋሎትም ከዚያ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ የውጭ አገር አሠራር ካየሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጨምሪበት። ሹካ ስትወጊው ያለ ትግል ከገባ ደርሷል።

ጥያቄ፦ እዚህ ሪብስ (ጎድን) ሲባል አሳማ ነው። እኛ ቤት ደግሞ አሳማ አይገባም። በበሬ ይሆናል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በደንብ ይሆናል፣ ወንድሜ። ቴክሳስ ውስጥ የበሬ ጎድን ትልቅ ክብር አለው። ብዙዎቹ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ቀብተው በእንጨት ጭስ ለሰዓታት ያበስሉታል። ሥጋ ቤት ስትሄድ አጥንት ያለው፣ ወፈር ያለ ሾርት ሪብ በል። እኔ ትንሽ ኮረሪማ እጨምርበታለሁ፤ ለበሬ ሥጋ እንደ እሱ የሚሆን አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ ቀቅዬ ብጠብሰውስ?

መልስ፦ ይለሰልሳል፤ ጣዕሙ ግን ውኃው ውስጥ ይቀራል። ኦቨን ከሌለሽ ወፍራም ድስት ውስጥ አንድ ኩባያ ውኃ ብቻ አድርገሽ፣ ከድነሽ፣ በጣም በትንሽ እሳት አቆይው። ውኃው እንዳያልቅ አልፎ አልፎ እያየሽ።

ጥያቄ፦ ለበዓል ጠዋት ያረድነውን በግ ጎድን ከሰዓት ጠበስነው። ግልገል ነበር፣ ግን ደረቀብን። (ከደሴ፣ የአራት ልጆች እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ከብት ከታረደ በኋላ ሥጋው ለሰዓታት ይገትራል፤ የሚላላው ቆይቶ ነው። ገና ሳይላላ እሳት ካገኘው እንደ ገተረ ይቀራል። የበዓሉን ቀን በዱለቱ ይዋሉበት። ጎድኑን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን፣ ቢችሉ ሁለት ቀን ያቆዩት። ልዩነቱን ልጆችዎ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ማርና የቲማቲም ድልህ ቀብቼ ከሰል ላይ አደረግኩት። ጠቁሮ መረረኝ።

መልስ፦ ያረረው ማሩ ነው። ስጎ የሚቀባው ሥጋው ከበሰለ በኋላ፣ ለመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ እስኪለብስ ጠብቅ። ሦስት ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ማር፣ አንድ አቼቶ፣ አንድ አዋዜ አዋህድና ስስ አድርገህ ሁለት ጊዜ ቀባው። ሥጋውን መጀመሪያ በፎይል ካበሰልከው፣ ፎይሉ ውስጥ የቀረውን ጭማቂም እንዳትደፋው። ስቡን ገፈህ ስጎው ላይ ጨምረው።