ስለ መንጋጋና ፊት ቀዶ ሕክምና ምርምር የጠየቃችሁኝ

የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ነኝ። ጠዋት ቀዶ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሬዚደንቶችን፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞችን፣ የመመረቂያ ጥናት ሳርም እውላለሁ። ስለ ምርምር ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡትን በደረሱኝ ተራ እመልሳለሁ። ኤክስሬይ የላካችሁልኝ ግን ይቅርታ፤ በስልክ ፎቶ መንጋጋ አልመረምርም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ። ያሰብኩት ርዕስ ሁሉ «የመንጋጋ ስብራት በእገሌ ሆስፒታል» እየሆነ ተቸገርኩ።

መልስ፦ ርዕሱ ነውር የለበትም፤ የደረቀብህ ጥያቄ ስለሌለው ነው። «ስንት ሰው ተሰበረ?» ብለህ ከተነሳህ የምታገኘው ቁጥር ብቻ ነው። «ከገጠር የሚመጡት በስንተኛው ቀን ይደርሳሉ? የዘገዩትስ ስብራታቸው የበለጠ ይመግላል?» ካልክ ግን መልሱ የሪፈር አሠራርን ሊያስለውጥ ይችላል። የሕመምተኞቼ ቁጥር አነሰ ብለህም አትሸማቀቅ። ሮበርት ማርክስ የተባሉ የማያሚ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 ለሙያው ጆርናል ደብዳቤ ጻፉ። በብዛት ለካንሰር ሕሙማን አጥንት የሚሰጡ ሁለት መድኃኒቶችን የወሰዱ 36 ሰዎች የመንጋጋ አጥንታቸው ሞቶ፣ ድዳቸውን ከፍቶ ወጥቷል የሚል ነበር። ዛሬ ጥርስ ከመንቀላችን በፊት «ለአጥንት የሚሰጥ መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?» ማለታችን የዚያ ደብዳቤ ፍሬ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኞች በነጭ ፎስፈረስ እንፋሎት መንጋጋቸው እንዲሁ ይበሰብስ ነበር።

ጥያቄ፦ የድሮ ካርድ አገላብጦ መሥራት ከሁሉም ይቀላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ካርድ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ያለው መሆን አለበት። የራሴን ልንገርህ። የመጀመሪያ ጥናቴ ሲጠናቀቅ በድብድብ ከተጎዱት አብዛኞቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተመትተዋል የሚል ውጤት ወጣ። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ነው እንዴ የሚደባደበው? ብዬ ካርዶቹን ደግሜ አወጣኋቸው። ካርዱ የሚለው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ነው፤ እኔ 8 ብዬ አስገባሁ፤ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት አደረገው። ሌላው ሕመምተኛዬ ጥር 2009 ገብቶ ጥር 2017 የወጣ ነበር። ስምንት ዓመት አልጋ ይዞ አይደለም፤ የገባበትን በእኛ፣ የወጣበትን በእነሱ ዘመን ጽፈውለት ነው። ጳጉሜን የገባ ሕመምተኛ ደግሞ ጭራሽ አይመዘገብም፤ ሶፍትዌሩ 13ኛ ወር አያውቅም። ስለዚህ መጠይቅህ ላይ ቀኑንም ሰዓቱንም እንደተጻፈው ቅዳ፤ ለውጡን በኋላ አንድ ሰው ብቻ ይሥራው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የ18 ዓመት ልጄን ምንም ሳያመው አራቱንም የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሶች እናውጣለት አሉኝ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና «ጤነኛ ጥርስ ይነቀላል እንዴ?» ትላለች። ጥናቱ ለማን ያደላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎ ሳያውቁት ከብሪታንያ ጋር ተስማምተዋል። ናይስ የተባለው የዚያ አገር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የመጀመሪያ መመሪያው በሽታ የሌለበትን የተቀበረ የመጨረሻ ጥርስ ለጥንቃቄ ብሎ መንቀል ይቁም አለ። አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ ማውጣትን የሚመርጡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ጥናቶቹን አንድ ላይ የመረመሩት የኮክሬን ገምጋሚዎች ያገኙት ማስረጃ ለመንቀልም ለመተውም የሚበቃ አይደለም። እኔ ብሆን ሐኪሙን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ የጥርሱ ሥር ለታችኛው ከንፈር ስሜት ለሚሰጠው ነርቭ ምን ያህል ቀርቧል? ኤክስሬዩ ላይ የሚታይ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ወይም የጎን ጥርስ መበላት አለ?

ጥያቄ፦ አማካሪዬ ፒ ቫልዩ (ልዩነት ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ ሊገኝ የሚችልበት ዕድል) ከ0.05 በላይ ከሆነ ጆርናል አይቀበልህም አለኝ። ሁለት ሦስት ቁጥር ባስተካክል ማን ያውቃል?

መልስ፦ ቀልድህን ይሁን እንጂ፣ ዮን ሱድቦ የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ ነበር። የጥርስ ሐኪምም የሕክምና ሐኪምም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በላንሴት ላይ 908 ሰዎችን ያካተተ የአፍ ካንሰር ጥናት አሳተመ። ካሚላ ስቶልተንበርግ የተባለች የአገሩ ተመራማሪ አንብባው ደነገጠች፤ ተጠቀምኩበት ያለው የመረጃ ቋት ያን ጊዜ ገና አልተከፈተም ነበር። ሲመረመር 908ቱም ሰዎች የፈጠራ ሆነው ተገኙ፤ 250ዎቹ የተወለዱት በአንድ ቀን ነው። ሲዋሽ እንኳ ሰንፎ። ልዩነት ያላሳየ ጥናትም ይታተማል፤ አማካሪህን በትሕትና ተከራከር።

ጥያቄ፦ በ3 ቀን እንቀበልሃለን የሚል ጆርናል ኢሜይል ላከልኝ።

መልስ፦ አጥፋው። በ3 ቀን ገምጋሚ እንኳ አይገኝም። የሚነበብ ጽሑፍ ከቸገረህ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የተዘረጋውን የጤና ጆርናሎች ማንበቢያ፣ ሂናሪን፣ ከዩኒቨርሲቲህ ቤተ መጻሕፍት ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኖማ የሚባለው የልጆችን ፊት የሚበላ በሽታ እኛ አገር አለ? ለምንስ አይጠናም?

መልስ፦ አለ። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ኩፍኝ ወይም ወባ ይይዘዋል፤ ድዱ ይቆስላል፤ በቀናት ውስጥ ጉንጩ ይጠቁርና ይበሳል። ሕክምና ካላገኘ እስከ 90 በመቶ ሊገድል ይችላል። በዓመት 140,000 አዲስ ሕሙማን የሚለው ቁጥር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ዛሬም የሚጠቀሰው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ብቻ ነው። የሞቱት ሆስፒታል አይደርሱም፤ ስለዚህ ከካርድ ክፍል የሚቆጥር ተመራማሪ የሚያገኘው የተረፉትን ነው። እነሱም ብዙዎቹ አድገው፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚመጡት። አፋቸው በጠባሳ ስለሚቆለፍ መክፈቻውን በሚሊሜትር እንለካለን፤ አንዳንዱ ጋር ትንሿ ጣቴ አታልፍም። ማደንዘዣ ሰጪው የመተንፈሻ ቱቦውን በአፍ ማስገባት ስለማይችል በአፍንጫ ይሞክራል። ይህን ማጥናት የፈለገ ሰው ገጠር ጤና ኬላ መሄድ አለበት፤ የልጆችን ድድ የሚያይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የሕመምተኛን ፎቶ ዓይኑን በጥቁር መስመር ሸፍኜ ባሳትመው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። እኛ የምንሠራው ፊት ላይ ነው፤ ዓይኑ ቢሸፈንም ጠባሳው፣ አፍንጫው፣ ጆሮው ይታያል። የጽሑፍ ፈቃድ ውሰድ። ስታስፈርም የሚታተመውን ፎቶ ራሱን አሳየው። አንዲት ሕመምተኛዬ ልትፈርም ብዕሩን ይዛ ምስሉን ስታይ ቆይታ፣ «ይኼ የድሮዬ ነው፤ አዲሱንም አብራችሁ አውጡልኝ» አለችኝ። ሁለቱንም አወጣናቸው።