ከባሕር ዳር ዛፎች ጌጥ መሥራት ለምትፈልጊው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። የከተማችንን ዛፎች መነሻ አድርገሽ ጉትቻ፣ ቀለበትና የአንገት ጌጥ መሥራት አስበሻል። ቅጠልና አበባውን ሬዚን (ፈሶ እንደ ብርጭቆ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ውስጥ ላስገባ ወይስ በናስና በብር ልሥራ፣ ከየትኛው ዛፍ ልጀምር፣ ማንስ ይገዛኛል ነው ያልሽው። እኔ ናስና ብር ላይ ስሠራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፤ ቡና እየጠጣሽ አንብቢው።

በሬዚኑ ልጀምር። ርካሽ ነው፣ ፎቶ ላይም ያምራል። ችግሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ያ የምትወጂው የጃካራንዳ አበባ ሲደርቅ ሐምራዊነቱ ይሸሻል። ቅጠሉ በደንብ ካልደረቀ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ጭጋግ ይሠራል። ሬዚኑም ራሱ ፀሐይ ሲያየው እየዋለ እያደረ ቢጫ ይላል። የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ አይምርም። ለመለማመጃ ከሆነ ይሁን፤ ጓንት አድርጊ፣ መስኮትም ክፈቺ፣ ሳይጠነክር ቆዳ ያስቆጣልና። ደንበኛ ለዓመታት እንዲያደርገው የምትሸጪው ዕቃ ግን አታድርጊው።

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፦ ቅጠል ቀጥፎ ማጣበቅን ተይው። ዛፉ ራሱ ጠንካራ ያደረገውን ነገር ወይም የሰው እጅ ከዛፉ መሥራት የለመደውን ነገር ፈልጊ።

ለዚህም ዘንባባን የሚያህል የለም። ሆሳዕና ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠንን ዘንባባ ሰንጥቀን ቀለበትና መስቀል ያልጎነጎንን ማን አለ? ጣታችን ላይ እናደርገዋለን፣ ግንባራችን ላይ እናስረዋለን። ንድፉ እኮ አለ፤ ልጅ ሆነሽ እጅሽ የተማረው ነው። ያንኑ ጉንጉን ወደ ናስ፣ ቀጥሎም ወደ ብር ማምጣት ነው የሚቀርሽ። መጀመሪያ በእውነተኛ ዘንባባ ጎንጉኚ። ከዚያ በወረቀት ድገሚው፤ የቱ ጥብጣብ በላይ፣ የቱ በታች እንደሚያልፍ ዓይንሽ ይያዘው። ከዚያ ወርቅ ቤት ሄደሽ የናስ ሽቦ መዳመጫ (በሁለት ጥቅል ብረቶች መሃል የሚጨምቅ መሣሪያ) ውስጥ እንዲያሳልፉልሽ ጠይቂ። ሽቦው ጠፍጥፎ ጥብጣብ ይሆናል። ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋትና 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ለቀለበት ይመቻል። ከዚያ ከወፈረ አይታጠፍልሽም፣ በጣም ከሳሳ ደግሞ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። ለማንኛውም ጠርዙን በሞረድ አለስልሺው።

ናስም ብርም ሲታጠፍ ይደነድናል። በዚያው ከቀጠልሽ ይሰነጠቃል። ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ አግለሽ ስታበርጂው መልሶ ይለሰልሳል፤ በጉንጎናው መሃል ሳይደክምሽ መደጋገም ነው። ጫፎቹን በቦራክስ (መበየጃው በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ዱቄት ነው) እና በብር መበየጃ ታያይዣለሽ። ሲጠቁር አትደንግጪ፤ ሞቅ ያለ የሎሚ ውኃ ውስጥ ካቆየሽው ይጠራል። የሆሳዕና ቀለበት ከፋሲካ በፊት ቢደርስልሽ ለገበያው ብዙ ማስታወቂያ አያስፈልግሽም።

ቀጥሎ ጃካራንዳ። አበባውን ሁሉም ሰው ፎቶ ያነሳዋል፣ ፍሬውን ግን ረግጠነው ነው የምናልፈው። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ እንጨት የሆነ ቅርፊት ነው፤ ሲደርቅ ሁለት ቦታ ይከፈታል። ሁለቱ ግማሾች ዝግጁ ጥንድ ጉትቻ ናቸው። በብርጭቆ ወረቀት ለስልሺው፣ ዘይት አጠጪው፣ ብሺና የብር መንጠቆ አድርጊለት። ክብደት ስለሌለው ትልቅ ጉትቻ የሚወዱ ሴቶች ጆሯቸው ሳይጎተት ያደርጉታል። የድሬዳዋ ዛፍ ደግሞ ያ ረጅም ጎራዴ የሚመስል ፍሬ አለው። ሲከፈት እያንዳንዱ ዘር የራሱ ጎድጓዳ ማደሪያ አለው። እሱን በአጭር በአጭሩ ቆርጠሽ ብትሰቅዪው በቂ ነው፤ ምንም አትጨምሪበት። በነገራችን ላይ ሁለቱም መጤ ናቸው፤ ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ከማዳጋስካር ነው የመጡት። ደንበኛ «ይሄ የኛ ዛፍ ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ መልሱን እወቂ።

የኛውን ከፈለግሽ ዋንዛና ዋርካ አሉልሽ። የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው፣ በጀርባው በኩል ጅማቱ ጎላ ብሎ ይወጣል። ጠውለግ ያለውን ምረጪ፤ እርጥቡ ይጨፈለቃል። የጀርባውን በኩል አስቀድሞ በጋለና በለሰለሰ ስስ መዳብ ላይ አድርገሽ በመዳመጫው አሳልፊው። ጅማቱ ቁልጭ ብሎ ይታተማል። ዋርካ ላይ ግን ቅጠሉን ተይው፣ ግንዱ ጋ ሂጂ። የጧፍ ሰም በእጅሽ አሙቂ፣ ግንዱን ውኃ ቀቢ፣ ሰሙን ጫኚና ላጪው። ልጡ ይቀረጽበታል። ውኃውን ከረሳሽ ሰሙ ይጣበቃል። ያንን ቅርጽ ለአንጥረኛ ውሰጂው። መስቀል ሠሪዎቻችን ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ ነው፦ ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ ማሞቅ፣ ሰሙ ፈሶ ሲወጣ በቦታው የቀለጠ ብር ወይም ናስ ማፍሰስ። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ጥሩ ከሰልና ወናፍ ያለው ሰው ይደርስበታል። ሰምሽ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባይሳሳ ጥሩ ነው፤ ከሳሳ ብሩ ጫፍ ሳይደርስ ይረጋል። የጭቃው ቅርጽ ሳይደርቅ ግን በፍጹም እንዳይፈስበት። እርጥበቱ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ብር ፊት ላይ ይረጨዋል። አንጥረኞቹ ቢቸኩሉም እንኳ መድረቁን አንቺ ጠይቂ።

ዘር መሰካት ካማረሽ ተጠንቀቂ። የብርብራ ዘር ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን የጣና ዓሣ አጥማጆች ፈጭተው ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት እሱኑ ነው። የኮርች ቀይ ዘርም መርዝ አለው። ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተው ሐብል ላይ አይገቡም። ቅርጻቸውን በናስ ሥሪው፣ ዘሩን ተይው።

ለማንኛውም የወደቀውን ሰብስቢ እንጂ የመንገድ ዛፍ ቅርንጫፍ አትስበሪ። ከነፋስ በኋላ በማለዳ ብትወጪ የሐይቁ ዳር መንገድ ከሚበቃሽ በላይ ይሰጥሻል። የዘጌ ገዳማትም ሆነ ሌላ ገዳም ከሄድሽ ግን ከመሬት ላይም ቢሆን ሳታስፈቅጂ አታንሺ፤ የነሱ ደን የቤተ ክርስቲያን ነው።

ብር ስትገዢ ዓይንሽን ክፈቺ። ለቱሪስት «ብር» እየተባለ የሚሸጠው አንዳንዱ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ አንድ ግራም ብር የለበትም። ኒኬሉ የብዙ ሰው ጆሮ ያሳክካል። ስለዚህ ጌጡ ናስ ቢሆንም መንጠቆውን 925 ብር አድርጊው፣ ማለትም 92.5 በመቶው ብር የሆነ። የአያትሽን ማርያ ቴሬዛ አቅልጪ የሚልሽ ይኖራል። እሱ 83.3 በመቶ ገደማ ብር ነው፤ ይሠራል። እኔ ግን አላቀልጥም። ያ ሳንቲም በራሱ ጌጥ ነው፣ ገበያ ላይም ብር ሞልቷል።

ስለ ገዢ ደግሞ፦ በግራም አትሽጪ። ወርቅ ቤት በሚዛን ስለለመድን ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነው። ስድስት ግራም ናስ ላይ ግማሽ ቀን ውለሽ በሚዛን ከሸጥሽ ከስረሻል። የሥራ ሰዓትሽን አስልተሽ ዋጋውን አንዴ ቁረጪና እሱን ያዢ። ጀልባ ጠባቂው ቱሪስት አስተማማኝ አይደለም፤ አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። እኔን በደንብ የያዙኝ የሀገር ልብስ የሚያሰፉ ሙሽሮችና ሚዜዎቻቸው ናቸው። ጥለቱን አይተሽ ጉትቻውን ስታስማሚላቸው በሌላ ሠርግ እህታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዩኒቨርሲቲያችን ፋሽን የሚማሩ ልጆችም አሉ፤ ለትርዒታቸው ጌጥ ያስፈልጋቸዋልና ሁለት ሦስት ዕቃ አውሺያቸው፣ ፎቶውን ይሰጡሻል።

መዳመጫ አሁን አትግዢ፣ ውድ ነው። ትንሽ ከፍለሽ ወርቅ ቤት አስዳምጪ። ለመጀመሪያ አንድ ሞረድ፣ ሁለት ጉጠት፣ ቀጭን መጋዝና የናስ ሽቦ ይበቃሻል። የዘንባባው ጉንጉን መሃል ላይ ከያዘሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ የቱ ጥብጣብ እንደተሳሳተ አይቼ እነግርሻለሁ።