የተከራየሁት ጀልባ ላይ ነው የምኖረው፤ «በሰባት ቀን ውረጂ» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ሪጀንትስ ካናል በሚባለው ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ ላይ ጀልባ ተከራይቼ ስኖር ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በወር 850 ፓውንድ እከፍላለሁ፤ ሌላ 850 ዲፖዚት ይዞብኛል። የጽሑፍ ውል የለንም፤ ሁሉንም የተስማማነው በዋትሳፕ ነው። ባለቤቱ የአገራችን ልጅ ነው። ጀልባዋ ቋሚ ማሰሪያ ቦታ ስለሌላት በየሁለት ሳምንቱ አንቀሳቅሳታለሁ። ግን ለልጄ ትምህርት ቤት ስል ከኢዝሊንግተን እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ብቻ ነው የምመላለሰው። ባለፈው ሳምንት «በበቂ አልተንቀሳቀሰችም» የሚል ማስጠንቀቂያ ጀልባዋ ላይ አገኘሁ። ፎቶውን ስልክለት ባለቤቱ «በሰባት ቀን ውስጥ ውረጂ፣ ዲፖዚቱንም እርሺው» አለኝ። የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ አለኝ። እንደ ቤት ተከራይ መብት የለኝም? ሽማግሌ ልላክበት ወይስ ልክሰሰው? ወዴትስ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። መጀመሪያ የሚከብደውን ልንገርዎት፤ ከዚያ በእጅዎ ያለውን እናያለን።

በእንግሊዝ ሕግ ጀልባዎ ቤት አይደለም። አልጋና ምድጃ ቢኖራት፣ ልጅዎ እዚያው ብታድግም ለውጥ የለውም። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከመሬቱ ጋር ተጣብቋል ወይስ ገመዱ ተፈትቶ ሊሄድ ይችላል? በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ቼልሲ አካባቢ ቴምዝ ወንዝ ላይ የታሰረ የመኖሪያ ጀልባ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ውሃ፣ መብራት፣ ስልክ ሁሉ ገብቶለታል። ዳኞቹ ግን ገመዱም መስመሩም በቀላሉ ስለሚነቀል ጀልባው ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው አሉ። የ1988ቱ የቤቶች ሕግ ለተከራይ የሚሰጠው ጥበቃ አይደርሰውም ተባለ። በ2011 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በእንጨት መደላድል ላይ ያረፉ፣ ጨርሶ የማይንሳፈፉ ጀልባዎችን ሳይቀር በዚሁ መስመር አየ። እኔ ይህ ሕግ ሰው ከሚኖረው ኑሮ ጋር አይሄድም ባይ ነኝ። ግን ያለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ጓደኞችዎ «የቤት ተከራይ በሰባት ቀን አይባረርም» ቢሉዎት፣ ስለ ቤት እውነት ነው፤ ለእርስዎ ግን ሊደገፉበት አይችሉም። እርስዎን የሚጠብቅዎት ውሉ ነው። ውል ደግሞ አለዎት። በእንግሊዝ አገር የቃል ስምምነት ይጸናል። የዋትሳፑ መልእክትና በየወሩ የከፈሉበት የባንክ መግለጫ ማስረጃ ናቸው። የመልቀቂያ ጊዜ ካልተስማማችሁ፣ ሕጉ ምክንያታዊ ጊዜ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ከዓመት በላይ በየወሩ ለከፈለች እናት ሰባት ቀን ምክንያታዊ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። ዕቃዎን አውጥቶ ቢጥል ወይም ቢያበላሽ ራሱን የቻለ የካሳ ጥያቄ ያስነሳበታል። በኃይል ቢመጣ ለፖሊስ በ999 ይደውሉ።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከጀልባዋ ይውጡና በእግር መንገዱ በኩል መስኮቱን ይመልከቱ። ጀልባዋ ካናሉ ላይ እንድትቆይ የተሰጠው የፈቃድ ወረቀት እዚያ ተለጥፎ መታየት አለበት። መቼ ያበቃል? ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? እንዲህ ያልኩት ወድጄ አይደለም። ካናሉን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው። ጀልባ ማከራየት የንግድ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለግል መዝናኛ የተሰጠ ፈቃድ አይበቃም። ኢንሹራንሱም ተከራይ እንዲኖርበት የተገዛ ላይሆን ይችላል። ባለቤቱ ማስጠንቀቂያውን ባየ ማግስት «ውረጂ» ማለቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ደርሰውበት እንዳይሆን ፈርቶ ነው።

ይህን ግን መያዣ አድርገው «ገንዘቤን ካልመለስክ አጋልጥሃለሁ» እንዳይሉት። እንዲህ ያለ ዛቻ በእርስዎ ላይ ሊዞር ይችላል። ፈቃዱ ቢሰረዝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዱት እርስዎና ልጅዎ ናችሁ።

ወደ ማስጠንቀቂያው እንምጣ። ቋሚ ማሰሪያ የሌላቸውን ጀልባዎች የሚገዛው በ1995 የወጣ ሕግ ነው። ጀልባው በእውነት ለጉዞ የሚውል መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ ላይም ከ14 ቀን በላይ በተከታታይ መቆም አይችልም፤ ሁኔታው ረዘም ያለ ጊዜ ምክንያታዊ ካላደረገው በቀር። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያስታውሳል። 14 ቀን ቆጥሮ አንድ ድልድይ ያልፋል፤ ከዚያ ይመለሳል። አስተዳዳሪው ግን «ቦታ» የሚለውን የሚያየው እንደ ሰፈር እንጂ እንደ ችካል አይደለም። በፈቃዱ ዘመን ውስጥ ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር ባነሰ ክልል የተመላለሰ ጀልባ ሊያሳምነን ይከብዳል ይላል። ሪጀንትስ ካናል ከሊትል ቬኒስ እስከ ላይምሃውስ ዳር እስከ ዳር ቢለካ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የእርስዎ መንገድ ደግሞ የዚያ ቁራጭ ነው። በቀኑ ልክ ነበሩ፤ በርቀቱ ግን አልነበሩም።

የልጅ ትምህርት ቤት በራሱ ረዘም ብሎ ለመቆም በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም። የሞተር ብልሽት፣ ከባድ ሕመም፣ የውሃ በር መዘጋት፣ ካናሉ በረዶ መሆን ይወሰዳሉ። የአካል ጉዳት ወይም እርግዝና ካለ በእኩልነት ሕጉ መሠረት ማስተካከያ መጠየቅ ይቻላል። ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀኑ ከማለፉ በፊት በኢሜይል ያሳውቁ። በስልክ ተናግሬያለሁ ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞም አይደናገጡ። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለፈቃዱ ባለቤት ነው። ፈቃድ ከመሰረዙ በፊት ችግሩን ለማስተካከል ቢያንስ 28 ቀን ይሰጣል። ሰው የሚኖርበት ጀልባ ሲሆን ጉዳዩ በተለምዶ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ እዚያ የመኖሪያና የቤተሰብ ሕይወት መከበር መብት ሊነሳ ይችላል። እስከዚያው ጀልባዋን ራቅ አድርገው ያንቀሳቅሷት፤ ወደ ፓዲንግተን የካናል ቅርንጫፍ ወይም ወደ ሊ ወንዝ በኩል። አንድ ደብተር ይያዙ። ቀን፣ የድልድይ ቁጥር፣ አንድ ፎቶ። አንዲት ደንበኛዬ ይህን የምትጽፈው ከምድጃው በላይ በሰቀለችው የግድግዳ ካላንደር ላይ ነበር። ጥቀርሻ የነካው ካላንደር ከእኔ ክርክር ይበልጥ ረድቷታል። ትረስቱ የጀልባ ነዋሪዎችን የሚረዱ የማኅበራዊ ደህንነት ሠራተኞችም አሉት፤ በስም ጠይቀው ያናግሩ።

ዲፖዚቱን በተመለከተ፣ አከራይ ገንዘቡን በ30 ቀን ውስጥ በተፈቀደ የጥበቃ ተቋም ያስቀምጥ የሚለው ደንብ ጀልባን አይሸፍንም። ባለቤቱ ግን «እርሺው» ስላለ ገንዘቡ የእሱ አይሆንም። ያበላሹት ነገር ከሌለና ዕዳ ከሌለብዎት ይመልሳል። እምቢ ካለ በአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ሥርዓት፣ በኢንተርኔት፣ ያለ ጠበቃ መክሰስ ይችላሉ። ጣሪያው 10,000 ፓውንድ ነው፤ ለመክሰስ ያለዎት ጊዜም 6 ዓመት። የአማርኛ መልእክቶቹ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ይኖርባቸዋል። ስልክዎ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ይገልብጧቸው።

ሽማግሌ ይላኩ፣ ደስ ይለኛል። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ሰዎች ተነጋግረው ቢጨርሱ ይመርጣል። ብቻ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አድርጉት፤ ቀንና መጠን ይኑረው።

«ወዴት ልሂድ» ላሉት፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ካውንስሉ፣ ማለትም ወደ አካባቢዎ አስተዳደር፣ የቤት ክፍል ይሂዱ። በ1996ቱ የቤቶች ሕግ፣ ጀልባ ኖሮት እሷን አቁሞ የሚኖርበት የተፈቀደ ቦታ የሌለው ሰው እንኳ ቤት አልባ ተብሎ ይቆጠራል። በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ ሊሆን የሚችል ሰው ካለ ካውንስሉ ችግሩ እንዳይደርስ የመርዳት ግዴታ አለበት። የነዋሪነት ፈቃድዎን፣ የልጅዎን የትምህርት ቤት ደብዳቤና የባለቤቱን «ውረጂ» የሚል መልእክት ይዘው ይቅረቡ። ሐኪም ዘንድ ለመመዝገብም የአድራሻ ማስረጃ እንደ ግዴታ አይጠየቅም፤ «አድራሻ የለሽም» ብለው ቢመልሱዎት እሺ ብለው አይውጡ።

ክረምቱ እየመጣ ስለሆነ አንድ ከሕግ ወጣ ያለ ነገር ልጨምር። ምድጃ የሚያወጣውን ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ የሚያስጠነቅቀውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ዛሬ ተጭነው ይሞክሩት። ከ2019 ጀምሮ የጀልባ ደህንነት ምርመራው ይጠይቀዋል። ካልጮኸ ምድጃውን አያንድዱ፤ ልጅዎ እዚያው ክፍል ነው የምትተኛው።

ለባለቤቱ ደግሞ ዛሬ ማታ ይህን ይላኩለት፦

«ወንድሜ፣ ከዓመት በላይ በየወሩ ከፍያለሁ። ሰባት ቀን በቂ ጊዜ አይደለም። ሌላ ቦታ እስካገኝ ሁለት ወር እጠይቃለሁ፤ ኪራዩን በወቅቱ እከፍላለሁ፣ ጀልባዋንም በደንቡ መሠረት አንቀሳቅሳለሁ። ስወጣ ጀልባዋን አብረን አይተን 850 ፓውንዱን በ14 ቀን ውስጥ ትመልስልኛለህ። በዚህ ካልተስማማህ ምክንያትህን እዚሁ ጻፍልኝ።»