የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከባዮጋዙ የሚወጣው ጋዝ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ ባለ 6 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ (እበት ተብላልቶ የማብሰያ ጋዝ የሚሰጥበት ዝግ ጉድጓድ) አስገንብቼ የሁለት የፈረንጅ ላሞቼን እበት እጠቀማለሁ። መጀመሪያ ቁርሱንም ምሳውንም ያበስል ነበር፤ አሁን ወጡ ሳይበስል ነበልባሉ ይከስማል። በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ እበት አስገባለሁ፤ የበረቱንም እጣቢ አብሬ እለቅበታለሁ። ጉድጓዱ ተሰንጥቆ ይሆን? (ከሐዋሳ፣ ቱላ)

መልስ፦ ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት የሚያስገቡትን ይመልከቱ። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት ከ35 እስከ 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ባልዲዎ 20 ኪሎ ቢይዝ በቀን 700 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ምድጃ ደግሞ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ይፈጃል፤ ስለዚህ ጋዙ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ጋዙ የበረታው ጉድጓዱ ሲሞላ በገባው ብዙ እበት ነው። ለእርስዎ ጉድጓድ በቀን 30 ኪሎ እበት ከ30 ሊትር ውሃ ጋር ያስፈልጋል፤ በረት የሚውሉ ሁለት የፈረንጅ ላሞች ይህን አያጡም።

ይበልጥ የሚያሳስበን እጣቢው ነው። እበት ጉድጓድ ውስጥ 40 ቀንና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት፤ ውሃ ሲበዛ ግን ሳይብላላ ተገፍቶ ይወጣል። መውጫው ላይ ያለውን ዝቃጭ ያሽትቱት። የተብላላ ከሆነ እምብዛም አይሸትም፤ ትኩስ እበት ከሸተተና አረፋ ከደፈቀ ጥሬውን ወጥቷል ማለት ነው። እጣቢው የዱቄት ሳሙና ወይም በረኪና ካለበት ደግሞ ጋዙን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም እበትም አይግባ።

እበቱን ማደባለቂያው ገንዳ ውስጥ ገለባውን ለቅመው፣ እኩል ንጹህ ውሃ ጨምረው ጓሉ እስኪጠፋ ያማስሉ። አሸዋው ወደ ታች ይቅር፤ ከዚያ ድብልቁ ወደ ጉድጓዱ እንዲገባ የገንዳውን መድፈኛ ይንቀሉ። ገለባ ከላይ ይጋገርና ጋዙን ያፍናል፣ አሸዋ ከታች ተከማችቶ ቦታ ይይዛል። የጎደለውን እበት በአንድ ጊዜ አይሙሉ፤ ድንገት ከበዛበት ይኮመጥጥና ጋዙ ይቆማል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ኪሎ እየጨመሩ 30 ያድርሱት።

ቧንቧውንም ይፈትሹ። ማታ ዋናውን ቫልቭ ዘግተው የግፊት መለኪያውን ያንብቡ፤ ጠዋት ከወረደ መስመሩ ያፈሳል። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀቡ፣ የሚያፈሰው ቦታ ላይ አረፋው ይነፋል። ክብሪት ለኩሰው በፍጹም አይፈልጉ። ነበልባሉ እየተቆራረጠ የሚርገበገብ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል፤ የውሃ ማስወገጃውን ከፍተው ያፍስሱት። ቧንቧው ደህና ሆኖ፣ አመጋገቡም ተስተካክሎ በአንድ ወር ከግማሽ ለውጥ ካላዩ ያኔ ስንጥቅ ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ዝቃጩን እንሰት ሥር ባፈሰው ያቃጥለዋል?

መልስ፦ እኩል ውሃ ቀላቅለው፣ ከግንዱ ራቅ ባለ ቦይ አፍስሰው አፈር ያልብሱት፤ አይጎዳውም። የሚተርፈውን ጥላ ባለው ጉድጓድ ከደረቅ ቅጠልና ገለባ ጋር እየደረቡ ያብስሉት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።