ልጄ እስክስታ ይማር ወይስ ይቅርበት?

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ዘፈን ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። የሰፈራችን የባህል ውዝዋዜ ቡድን ሊያሠለጥነው ፈቃደኛ ሆኗል። አያቱ ግን «አንገቱ ደካማ ነው፣ ይጎዳብሻል» ብለው አልፈቀዱም። ፊዚዮቴራፒ ብወስደው ይሻላል?
እናቱ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ግን ውዝዋዜውን ነው የምመርጥልዎ። አያቱም ቢሆኑ በከንቱ አልፈሩም።

ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ጡንቻቸው ላላ ይላል፤ መገጣጠሚያቸውም ከልክ በላይ ይተጣጠፋል። አንዳንዶቹ ላይ የላይኛዎቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች የሚያስተሳስረው ጅማት ይላላል። በዚያ የሚያልፈው ደግሞ ህብለ ሰረሰር ነው። አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ቢሆንም እስክስታ አንገትን ወዲያ ወዲህ ማስመታት አለበትና፣ እኔ ብሆን ትከሻውን አስተምሬ አንገቱን እተውለታለሁ። ትከሻው ከመታ ምን ቀረው? በጭንቅላት መገልበጥና ትራምፖሊን (የሚያነጥር የመዝለያ ሸራ) ላይ መዝለልማ ጭራሽ አይሞከር።

ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው። ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱ፣ የልብ አልትራሳውንድ ተነስቶ የማያውቅ ከሆነ ይጠይቁ። ታይሮይዱንም (ጉሮሮው ላይ ያለውን ዕጢ) ያስመርምሩ፤ «ሰነፍ ነው» የሚባለው ልጅ አንዳንዴ የታይሮይድ ችግር ያደከመው ነው። ልምምድ ከጀመረ በኋላ አንገቱን ካመመው፣ አረማመዱ ከተለወጠ፣ እጁ ከዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው አስቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

አሠልጣኙ ብዙ አያውራ። እነዚህ ልጆች ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ቶሎ ይይዛሉ። «ቀኝ፣ ግራ፣ ዙር፣ አጨብጭብ» ሲባል መጨረሻው ላይ ሳይደረስ መጀመሪያው ይጠፋል። ፊት ለፊቱ ቆሞ ያሳየው፤ እየደጋገመ።

በትግርኛ ውዝዋዜ ቢጀምሩለት ደስ ይለኛል። ከበሮውን እየተከተሉ ክብ ሠርቶ መሄድ ነው፤ ከፊቱ አይቶ የሚከተለው ሰው አለ፤ ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ማሳለፍንም ይለምዳል። ሚዛን የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉራግኛው ይቆይ፣ ፈጣን ነው። እግሩ ሲጠነክርና ሐኪሙ ሲፈቅድ ግን ለትንፋሹም ለጉልበቱም እሱን የሚያህል የለም። ብዙዎቹ እግራቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ አያስጨፍሩት፤ ተረከዙን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጫማ ያድርግ።

ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ አንድ ሁለት ጊዜ አቋሙን ይይለት፤ ለአሠልጣኙም ምን እንደሚጨምር ይንገረው። ልጁ ሮጦ የሚሄድበትን ነገር አስቀርቶ በየሳምንቱ ክሊኒክ ማመላለሱን ግን አልደግፍም።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አያቱንም ይዘዋቸው ይሂዱ። ስለ አንገቱ እርስዎ ከሚነግሯቸው ሐኪሙ ቢነግራቸው ይሻላል።