ጌም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነኝ። ቫሎራንት በደንብ እጫወታለሁ፤ ፕሮግራሚንግም በራሴ እየለመድኩ ነው። ኢስፖርት (የጌም ውድድር) ወይም ጌም ዲዛይን መማር እፈልጋለሁ ስለው አባቴ “ሌት ተቀን ኡበር የምነዳው ለጨዋታ አይደለም” አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ክፉ አስበው አይደለም። ለእሳቸው ጌም ማለት ልጅ በሩን ዘግቶ የሚያመሽበት ነገር ነው። አንተም ብትሆን ጌም መጫወትን፣ የጌም ውድድር ማዘጋጀትንና ጌም መሥራትን አንድ ላይ ደባልቀሃቸዋል። የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ከመጫወቱ ልጀምር። በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ቺካጎ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ዩኒቨርሲቲ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ለተባለው ጌም ተጫዋቾች ልክ እንደ ስፖርተኛ ስኮላርሺፕ መስጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ቡድን አቋቁመዋል። ጎበዝ ከሆንክ ሞክር፤ ከትምህርት ክፍያህ ላይ የተወሰነ ሊቀንስልህ ይችላል። ሙሉውን ይሸፍንልኛል ብለህ ግን አትቁጠር። በዚያ ላይ ለቡድኑ እየተጫወትክ ነርሲንግም መማር ትችላለህ። ለመጫወት ሲባል የኢስፖርት ዲግሪ አያስፈልግም።

የኢስፖርት ዲግሪ ራሱ ሌላ ነገር ነው። ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ፣ ዊንቸስተር ያለው ሸናንዶዋ ዩኒቨርሲቲ ይሰጠዋል። ትምህርቱ በአብዛኛው ማኔጅመንት፣ ሚዲያና አሠልጣኝነት ነው። ውድድር ማዘጋጀት፣ የቀጥታ ስርጭት መምራት፣ ስፖንሰር ማፈላለግ ደስ የሚለው ልጅ ይጠቀምበታል። አንተ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አልጻፍክም። የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብድር ተሸክመህ እንድትገባበት አልመክርህም።

አንተ የጻፍከው ስለ ፕሮግራሚንግ ነው። እኔም ልቤ ያለው እዚያ ነው። የምትኖርበት አካባቢ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። ማይክሮፕሮዝ የተባለው የጌም ኩባንያ በ1982 ሜሪላንድ ውስጥ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ሲድ ሜየር በኋላ ፊራክሲስን አብሮ አቋቋመ፤ ሲቪላይዜሽን የተባለውን ጌም የሚሠራው ይህ ኩባንያ አሁንም እዚያው ሜሪላንድ ነው። ስካይሪም የተባለውን ጌም የሠራው ቤተዝዳም ሮክቪል ነው፤ ከቤትህ በመኪና የሚደረስበት። ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኮምፒውተር ጌም ዲዛይን ዲግሪ ይሰጣል። ለማሠልጠኛ የሚሆኑ ጌሞች የሚሠሩበት ተቋምም አለው። ወታደር፣ ሐኪምና ፓይለት የሚለማመዱባቸው ሲሙሌሽኖች የሚሠሩት በዚሁ ሙያ ነው። ከመከላከያ ጋር የተያያዙት ሥራዎች ብዙዎቹ ዜግነት እንደሚጠይቁ ግን ከአሁኑ እወቅ።

የአባትህ ስጋት መሠረት የለውም አልልህም። በጥር 2024 የቤተዝዳ ባለቤት የሆነው ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞች ቀንሷል። በወሩ ሶኒ 900 ያህል ቀነሰ። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ሥራ ፈላጊ ሆኑ። አንተ ስትመረቅ የምትወዳደረው ከእነሱም ጋር ነው።

ስለዚህ እኔ የምልህ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማር፤ ጌሙን በምርጫ ኮርሶችና በክለብ አጥብቀህ ያዝ። ፕሮግራመር የጌም ኩባንያ ቢቀንሰው ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ መንግሥት መሥሪያ ቤትም ያመለክታል። ዝንባሌህ ወደ ስዕልና አኒሜሽን ቢሆን ኖሮ የሜሰንን የጌም ዲዛይን ዲግሪ እመክርህ ነበር። ወጪው እንዲቀንስ ደግሞ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ) ኮሙኒቲ ኮሌጅ ጀምር። አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ከገባህ ገና ከመጀመሪያው ወደ ሜሰን የሚያሻግሩህን ኮርሶች ለይተው ይሰጡሃል። ኮሙኒቲ ኮሌጅ ሰነፍ የሚሄድበት ነው የሚለውን ወሬ አትስማ። ብዙ የእኛ ልጆች ያለ ከባድ ዕዳ የተመረቁት በዚሁ መንገድ ነው።

ከዲግሪው ስም ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እስካሁን የጨረስከው ጌም አለ? በ2005 ዲጂፔን የተባለ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናርባኪውላር ድሮፕ የሚባል አነስተኛ ጌም ሠሩ። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ አየውና ቡድኑን ቀጠረ። በ2007 የወጣው ፖርታል የተባለው ጌም ከዚያ የተወለደ ነው። ያስቀጠራቸው ሠርተው የጨረሱት ነገር ነው። አዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ኩኩሉንና ገበጣን ለሞባይል ሠርቷል። ገበጣ እኮ አያቶቻችን መሬት ቆፍረው የሚጫወቱት ነው፤ ለጌም የሚሆን ሐሳብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይጠበቅብህም።

ጌም የሚሠራበት ጎዶትና ባለ ሦስት አውታር ምስል የሚሠራበት ብሌንደር ሁለቱም ነፃ ናቸው። ዛሬ ማታ አውርዳቸው። በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ጌም ሥራ። የሚያምር ባይሆንም ግድ የለም፤ ብቻ ጀምረህ አትተወው። ጓደኞችህ ሲጫወቱት ከጎናቸው ሆነህ ዝም ብለህ ተመልከት። የት ጋ ግራ እንደሚገባቸው ጻፍና አስተካክል። ፖርትፎሊዮ የሚባለው የሥራ ናሙና ስብስብ በዚህ ይጀመራል። በየዓመቱ ጥር ላይ የሚካሄደው ግሎባል ጌም ጃም አለ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ጌም ትሠራለህ። በቡድን መሥራትን እንደዚያ የሚያስተምር ክፍል አላየሁም።

አባትህን በክርክር አታሸንፋቸውም፤ አትሞክረውም። ሜሰን ጎብኚ በሚቀበልበት ቀን አንድ ቅዳሜ ከሥራ አስቀርተህ ይዘሃቸው ሂድ። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት እንደተቀጠሩ ራሳቸው አስተማሪውን ይጠይቁ፤ አንተ አስተርጉምላቸው። ፋፍሳውንም፣ ማለትም የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን፣ አብራችሁ ሙሉ። የእሳቸው የታክስ መረጃ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ የገንዘብ ድጋፍ ደግሞ ቀድሞ ላመለከተ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጀምሩት።